አምስት ዶላር የከፈልኩባቸው ካውቦዮች

«አንተ እንዲህ ያለውን ነገር ታውቃለህ አይደል? እዚህ ሳጥን ውስጥ የሚረባ ነገር አለ?»

አዎ፣ አውቃለሁ። ሳጥኑን ገና ስከፍተው አውቄዋለሁ። ለጠየቁኝ አሮጊት ሴትዮ የመለስኩላቸው ግን «ያረጁ መጫወቻዎች ናቸው። ለልጄ ይሆኑታል» ብዬ ነው። አምስት ዶላር ሰጠኋቸው። ሳጥኑን አቅፌ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ነገሩም በሆነ መንገድ ተቋጭቷል። ያቺ መልሴ ግን እስካሁን ትከነክነኛለች። አንዳንዴ መኪና እየነዳሁ ድንገት ትመጣብኛለች። ስለዚህ ልጻፋት ብዬ ተቀመጥኩ።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። አቅመ ደካሞችንና ሕሙማንን ከቤት ወደ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ወደ ቤት አመላልሳለሁ። እዚህ አካባቢ ያለ አበሻ ሥራውን ያውቀዋል። ሴትየዋን ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። 88 ዓመታቸው ነው። እንደ ሌላው ሰው ከኋላ አይቀመጡም፣ ከጎኔ ነው። የልጆቼን ስም ያውቃሉ። ትልቁ ልጄ ሒሳብ የወደቀ ጊዜ ከእኔ በላይ ያዘኑት እሳቸው ናቸው። እኔም በልቤ «እማማ» ነው የምላቸው።

ባለቤታቸው በ90 ዓመታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፋ። ደረጃው ከበዳቸው። በመጨረሻ እዚሁ ከተማ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ለመግባት ወሰኑ። ዕቃው ሊሸጥ ሆነ። ቅዳሜ ከሥራ ውጪ መጥቼ ካርቶን በማንሳት ላግዝዎት አልኳቸው። የባለቤታቸውን የልጅነት አሻንጉሊቶች የያዘውን ሳጥን ያገኘሁት ያን ቀን ነው፤ ጋራዡ ውስጥ፣ ከቀለም ቆርቆሮዎች ጀርባ።

ከሲኒማ ራስ እስከ ኮሎራዶ

አበሻ ከካውቦይ አሻንጉሊት ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ከሲኒማ ራስ በእግር የሚደረስ ነበር። የካውቦይ ፊልም አይቶ የመጣ ልጅ ለአንድ ሳምንት የሰፈሩ ጌታ ነው። ታሪኩን ይተርካል፣ ተኩሱን በአፉ ያሰማል። እኛ ደግሞ የመጥረጊያ እንጨት እንደ ፈረስ እንጋልባለን። «አክተሩ እኔ ነኝ» እየተባባልን ስንት ጊዜ ተደባድበናል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔ ግን ያንን አቧራማ ሜዳ ሳላውቀው ይናፍቀኝ ነበር።

ኮሎራዶ ስመጣ ሜዳውም ተራራውም የምር ሆኖ ጠበቀኝ። አንድ ቅዳሜ ጎረቤት ጋራዥ ደጃፍ ላይ ከሚሸጥ ዕቃ መሃል ጣት የሚያክል ካውቦይ አየሁ። በአንድ ዶላር ገዛሁት። ለመጠኑ ይከብዳል። ባርኔጣው ላይ ቀለሙ ተልጧል። ማን ሠራው? መቼ? ከምን? ጥያቄው ያዘኝ፣ አልለቀቀኝም። ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ።

መጀመሪያ የተማርኩት ዕቃውን መገልበጥ ነው። ፊቱ ብዙ አይናገርም፤ የሚነበበው ከእግሩ ሥር ነው። ቀጥሎ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ማግኔት መያዝ ለመድኩ። ማግኔት ብረትን ይይዛል። እርሳስን፣ ዚንክንና ነሐስን አይዝም። ከዚያ እጄን ማመን ጀመርኩ። እርሳስ ለመጠኑ በጣም ይከብዳል። ዚንክ ቀለል ይላል። የነሐስ ዱቄት የተለወሰበት ሬዚን የሚባለው ሰው ሠራሽ ሙጫ ደግሞ እጅ ላይ አይቀዘቅዝም፣ ሲያንኳኩት እንደ ፕላስቲክ ነው። ትልቁ ትምህርት ግን አለማጠብ ነው። እናቶቻችን የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ፈትገው ሲያብለጨልጩ አይተን ነው ያደግነው። እዚህ ዓለም ውስጥ ግን ያ ፍተጋ ዋጋ ይገድላል። ዕድሜ ያመጣው ወዝ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

የኩሽናው ጠረጴዛ

ያን ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ደረደርኳቸው። 31 ናቸው። ላሶ የሚሉትን ባለ ቀለበት ገመድ የሚወረውር አለ። ተንበርክኮ የሚያነጣጥር አለ። በፈረስ ላይ ሆኖ ሽጉጡን ወደ ሰማይ ያነሳ አለ። ቀይ ሕንዶች የሚባሉትም አሉ፤ ባለ ቀስት፣ ባለ መጥረቢያ። እጄን ታጥቤ ጀመርኩ፤ ስጨርስም ታጠብኩ። እርሳስ መርዝ ነውና።

ማግኔቱ ስድስቱን ያዘ። ብረት ናቸው ማለት ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ማውንት ጆይ በምትባል ከተማ ግሬይ አይረን የሚባል የብረት ማቅለጫ ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ብዙው አሻንጉሊት ወታደር ከእርሳስ ሲሠራ እሱ ከብረት ይሠራ ነበር። ቀለማቸው ቢለቅም አንገታቸው አልተሰበረም። የእርሳሶቹ ጠመንጃ ግን ግማሹ ጫፉ የለም።

ሦስቱ ከሌሎቹ ያንሳሉ፤ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞሉም። አንዱን ገልብጬ በባትሪ ሳየው እንግሊዝ አገር መሠራቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አለው። ብሪቴንስ ነው። ዊሊያም ብሪቴን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1893 የፈጠረውን ዘዴ እወደዋለሁ። የቀለጠው እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል። ዳር ዳሩ ሲረጋ መሃሉ ገና ፈሳሽ ነው። ያኔ ይገለበጣል፣ ፈሳሹ ይወጣል። የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው። እርሳሱም ይቆጠባል፣ ዋጋውም ይረክሳል። እርሳሱ የወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ አካባቢ ትገኛለች። የጥርስ እንጨት ጫፍ የማታስገባ ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሚያስደስት ለማስረዳት ይከብደኛል።

የቀሩት 22ቱ 8 ሴንቲ ሜትር ግድም ናቸው። ይሄ የአሜሪካኖቹ መጠን ነው። ግማሾቹ ኒው ጀርሲ የነበረው የባርክሌይ ኩባንያ ሥራ ናቸው። ማኖይል የሚባሉ ወንድማማቾች ያሠሯቸውም አሉ፤ ስማቸው ከሥር ተጽፏል። በ1930ዎቹ እነዚህ አሻንጉሊቶች እንደ ዉልዎርዝ ባሉ ርካሽ ዕቃ መደብሮች ይሸጡ ነበር። ሣጥን የላቸውም። ልጁ መርጦ ያነሳል፣ 5 ሳንቲም ይከፍላል። የዚያ ዘመን ባለ 5 ሳንቲም ደግሞ በአንድ ጎኑ የሕንድ ፊት፣ በሌላው ጎሽ ነበረበት። የነደፈው ጄምስ አርል ፍሬዘር የሚባል ቀራጺ ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ልጁ አንዱን ሕንድ ሰጥቶ ሌላውን ሕንድ ይቀበላል።

ከዚያ ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1942 ብረትና እርሳስ ለጦርነቱ ስለተፈለገ የአሻንጉሊት ሥራው ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ ባርክሌይ እርሳስ ለመቆጠብ ብሎ የሚቆሙበትን ሰሌዳ አስቀረው። በምትኩ እያንዳንዱ እግር ሥር ክብ ነገር አደረገ። ስለዚህ እግር አይቶ ዘመን መለየት ይቻላል። ሳጥኑ ውስጥ እግሩ ክብ የሆነ አንድም አልነበረም። ሁሉም ሰሌዳ ላይ ነው የቆሙት። የሴትየዋ ባለቤት አሻንጉሊት መግዛት ያቆሙት ጦርነቱ ሲጀመር ነው ማለት ነው። ያኔ አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሰውየውን በሕይወት አግኝቻቸው አላውቅም። ያን ማታ ግን ልጅነታቸው ያለቀበትን ዓመት ከአሻንጉሊቶቻቸው እግር ላይ አነበብኩት።

ሁለቱ ላይ ቀለሙ እንግዳ ሆነብኝ። አንድ ልጅ በሰማያዊ የግድግዳ ቀለም ለቅልቋቸዋል። ብሩሹ ወፍራም ነበር፣ ዓይናቸውም ጭምር ተደፍኗል።

ባለቤቴ ውሃ ልትጠጣ ወጣች። ቆማ አየች።

«ስንት ገዛሃቸው?»

«አምስት ብር።»

«ስንት ያወጣሉ?»

«ሦስት መቶ። ምናልባት አራት መቶ።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

መልስ አልሰጠኋትም። ብርጭቆዋን ይዛ ተመለሰች። እኔ እዚያው ቀረሁ።

«ንጹሕ ብር አይደለም»

አያቴ ወሎ ነበረች። አንገቷ ላይ በጥቁር ክር የተንጠለጠሉ ሦስት ጠገራ ብሮች ነበሯት። ክረምት ላይ ስንሄድ ጭኗ ላይ ተቀምጬ የንግሥቲቱን ፊት በጣቴ እዳብስ ነበር። አንድ ዓመት ስንሄድ አንገቷ ላይ ክር ብቻ ነው ያለው። ከከተማ ብር ገዢ መጥቶ ነበር። «ይሄ ምን ያወጣል ልጄ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ሚዛኑን አውጥቶ መዘነ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ንጹሕ ብር አይደለም» አላት።

ነገሩ እውነት ነው። ጠገራ ብር ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሰውየው አንድም የሐሰት ቃል አልተናገረም። እውነቱን ተናግሮ ነው የወሰደባት። አባቴ ሲሰማ «ምነው ሳትጠይቁኝ» ብሎ ተቆጣ። አያቴ ግን «ጠይቄው የለ?» ነው ያለችው። እሱን ነው የጠየቀችው፤ የሚያውቀውን ሰው።

ኩሽና ውስጥ ተቀምጬ ሰማያዊውን ካውቦይ በእጄ ይዤ ያሰብኩት ይህንን ነው። እኔም «ያረጁ መጫወቻዎች» ስል አልዋሸሁም። ያረጁ መጫወቻዎች ናቸው። «ለልጄ ይሆኑታል» ያልኩት ግን ውሸት ነው። እርሳስ ለልጅ አይሰጥም። ልጄ አጠገባቸው እንዳይደርስ ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። ቃሉን የተጠቀምኩት ሴትየዋ ልጄን ስለሚወዱት ነው። ይህን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

አንድ ጓደኛዬ ነገሩን ስነግረው «ገበያ ነው ወንድሜ» አለኝ። «ዋጋውን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። አንተ አራት ዓመት ተምረሃል፤ የተማርክበት ዋጋ የለውም?» ንግግሩን ቀላል አድርጌ አላየሁትም። የምር አሰብኩበት። እኔም ጋራዥ ደጃፍ ላይ ዋጋ ለጥፎ ከተቀመጠ ሰው ብዙ ዕቃ በርካሽ ገዝቻለሁ። አንድም ቀን እንቅልፍ አልነሳኝም። ያ ሰው ለመንገደኛ ሁሉ ዋጋ ቆርጦ አውጥቷል፣ እኔም መንገደኛ ነኝ። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ለረጅም ጊዜ የገንዘቡ መጠን ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሴትየዋ ጠይቀውኛል። እንደ ገዢ አይደለም የጠየቁኝ፤ እንደሚያውቅ ሰው ነው። ያን ጊዜ እኔ ሁለት ሰው ነበርኩ። የሚያውቀው ሰው ዝም አለና ገዢው መለሰላቸው።

እኛ አበሾች ይህን ነገር ከሌላኛው ወገን ሆነን እናውቀዋለን። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ በ2001 ሲመለስ አገር ምድሩ እልል ብሏል። እሱ ስርቆት ነው፣ ስሙም ይታወቃል። ስንቱ ብራና፣ ስንቱ የአንገት መስቀል ግን በ«ይሄ ምን ያወጣል ልጄ?» እና በአንዲት ለስላሳ መልስ ብቻ ከቤት ወጥቷል። ስለዚህ ነገር ስናወራ የገዢውን ወንበር ለፈረንጅ ነው የምንሰጠው። እኔ አውሮራ ኩሽናዬ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት።

ፈረሰኛው

እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ስወስን ሌላ ነገር ፊቴ ተደቀነ። ስለ ሳጥኑ ከነገርኳቸው ስለ ፈረሰኛውም ልነግራቸው ነው።

ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከእሳት ማንደጃው በላይ፣ በሁለት እግሩ የቆመ ፈረስና አለንጋውን ያነሳ ካውቦይ አለ። ጥቁር እብነ በረድ ላይ ቆሟል። ካውቦዮችን በመቅረጽ የታወቀው የአሜሪካዊው ሠዓሊና ቀራጺ የፍሬድሪክ ሬሚንግተን ስም ተፈርሞበታል። ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሽርሽር ሄደው ከአንድ ሱቅ በውድ ገዝተው ያመጡት ነው። «እኔ ስሞት ይሄ ፈረስ የልጅ ልጃችንን ኮሌጅ ያስተምራል» ይሉ ነበር። ሴትየዋ ይህን ቢያንስ አሥር ጊዜ ነግረውኛል። እኔ ደግሞ ቅጂ መሆኑን መጀመሪያ ያየሁት ቀን አውቄያለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሬሚንግተን ይህንን ሥራ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዘመኑ ቲፋኒ በሚባለው የጌጣጌጥ መደብር ውስጥ 250 ዶላር ይሸጥ ነበር። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1898 ከኩባ ጦርነት ሲመለስ ወታደሮቹ አዋጥተው የሰጡት ስጦታ እሱው ነው። አንድ ቅጂም ብዙ ፕሬዚዳንቶች በሠሩበት የኋይት ሐውስ ቢሮ ውስጥ ቆሞ ኖሯል። መጀመሪያ በአሸዋ ቅርጽ ነበር የሚፈስሰው። ከ1900 አካባቢ ጀምሮ ግን ሮማን ብሮንዝ ወርክስ የሚባለው ማቅለጫ በሰም ማፍሰስ ጀመረ።

በሰም ማፍሰስ ምን እንደሆነ ለአበሻ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቅኔ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። አንጥረኛው በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጣል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣል፣ በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። የጥንት መስቀሎቻችንም ብዙዎቹ የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ለሬሚንግተን ይህ ዘዴ ሌላ ነጻነት ሰጠው። እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ሰም ስላለው ከመፍሰሱ በፊት ሰሙን በእጁ ያስተካክለው ነበር። ልጓሙን ያጠማዝዛል፣ የባርኔጣውን ጠርዝ ያነሳል። ስለዚህ በሕይወቱ ሳለ የወጡት ቅጂዎች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ከሥራቸው የማቅለጫው ስምና ተራ ቁጥር አላቸው።

ሬሚንግተን በ1909 በ48 ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ በ1918 ካረፈች በኋላ ቅርጽ ማውጫዎቹ እንዲጠፉ ተደርጓል። የሥራዎቹ የባለቤትነት መብት ሲያበቃ ግን ማንም መቅዳት ቻለ። በሺህ የሚቆጠሩ ቅጂዎች ወጡ። ፊርማውም አብሮ ይቀዳል። በ1895 መመዝገቡን የሚገልጸው ጽሑፍም አብሮ ይቀዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኛ ግን ልንሳሳት አይገባም ነበር። የአያቴ ጠገራ ብሮች ሦስቱም 1780 ነበር የሚሉት። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው፤ ቪየናም ይመታ፣ ሮማም ይመታ፣ ለንደንም ይመታ። ዕቃ ላይ የተጻፈ ዓመት ዕቃው የተሠራበት ዓመት ላይሆን ይችላል።

የሴትየዋ ፈረሰኛ ቁመቱ ከዋናው በግማሽ ያንሳል። ልጓሙ ከፈረሱ አንገት ጋር ተጣብቋል። ጭራው ጫፍ ላይ ትንሽ ተፈግፍጓል። የተፈገፈገው ቦታ ቢጫ ቢሆን ነሐስ ነው። ግራጫ ነው። ዚንክ ላይ የነሐስ ቀለም ተቀብቷል ማለት ነው። ለጌጥ አርባ፣ ሃምሳ ዶላር የሚሰጥ ሰው ይገኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሬሚንግተን ሥራዎች አንዱ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ሴትየዋ ይህን ዜና ከጋዜጣ ቆርጠው ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈውት ነበር።

ማክሰኞ

ማክሰኞ ክሊኒኩ ደጃፍ ቀደም ብለን ደረስን። ሞተሩን አጠፋሁ። ሳጥኑን ከኋላ አምጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«እነዚህ ዋጋ አላቸው» አልኳቸው። «ቅዳሜ ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር።»

ሳጥኑን ሳይከፍቱ አዩኝ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ቸኩዬ ነው ልል ነበር። እርግጠኛ አልነበርኩም ልል ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ። «ስለፈለግኳቸው ነው» አልኩ።

ዝም አሉ። መኪና ውስጥ ዝምታ ሲረዝም ሰው የራሱን ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«ፈረሱስ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህችን ግን ቶሎ ነው ማጥራት የነበረብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፈረሱ ሥር ሻይ ጠጥቻለሁ። አሥር ጊዜ ስለ ኮሌጁ ሲነግሩኝ አሥር ጊዜ ራሴን ነቅንቄያለሁ። ደግነት ይመስለኝ ነበር። የልጅ ልጃቸው በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ በዚያ ፈረስ የተቆጠረ ገንዘብ ነበር። ስለ ጭራው ነገርኳቸው፣ ስለ ልጓሙ፣ ስለ ፊርማው። የሰሙት የመጀመሪያውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይመስለኛል። በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ከዚያ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሁልጊዜ የምከፍትላቸው እኔ ነበርኩ።

ሲመለሱ ከኋላ ተቀመጡ። «እግሬን ያመኛል፣ ልዘርጋው» አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከኋላ ሲቀመጡ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ቤታቸው እስክንደርስ በመስታወት እንኳ ልመለከታቸው አልደፈርኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ወደ ሳውዝ ብሮድዌይ ሄድን። ጥንታዊ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የተደረደሩበት የዴንቨር መንገድ ነው። የገባንበት ሱቅ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፣ ሥራቸውን ያውቃሉ። እያንዳንዱን አንስተው ቀለሙን አዩ፣ የተቀጠለ ካለ ብለው አንገቱን በጥፍራቸው ዳሰሱ። ሁለቱ ላይ ነጭ ዱቄት አገኙ። እርሳስ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ሲኖር ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ እንዲህ ይበላዋል፤ ከሌሎቹ ለይተው አስቀመጧቸው። ጠመንጃው ለተሰበረ ሦስት ዶላር፣ ለተለመደው ዓይነት አሥር፣ ቀለሙ ደህና ለሆነ እስከ ሠላሳ አሉ። እኔም ስልኬ ላይ ኢቤይ የሚባለውን የኢንተርኔት ገበያ ከፍቼ አመሳከርኩ፤ ሰው የጠየቀበትን ዋጋ አይደለም፣ የተሸጠበትን ነው የማየው። ነጋዴ የሚገዛው ከዚያ በግማሽ ነው፤ እሱም ሊያተርፍ ነውና። ለሠላሳ አንዱም 320 ዶላር ቆረጡ።

ሰማያዊዎቹን ሁለቱን ሲያዩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነዚህ እንኳ አይሸጡም። አንዴ ከተቀባ ዋጋው የለም። ያለ እነሱም ቢሆን የምከፍለው ገንዘብ ያው ነው» አሉ።

ሴትየዋ እጃቸውን ዘርግተው ሁለቱን አነሱ። ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ቦርሳቸው ውስጥ መሐረብ ነበር፣ በመሐረቡ ጠቀለሏቸው። ከዚያ ገንዘቡን ተቀብለው ቆጠሩ። አምስት ዶላር ለይተው ለእኔ ዘረጉልኝ። አልቀበልም አልኩ። እጃቸውን አልመለሱም። ሱቁ ውስጥ ሰው እያየን ነበር። ተቀበልኩ።

ያች አምስት ዶላር እስካሁን አለች። ምን እንደማደርጋት አላወቅኩም።

የተዛወሩ ቀን ካርቶኖቹን ያመላለስኩት እኔ ነኝ። አዲሱ ክፍላቸው አንድ መስኮት አለው። ፈረሰኛውን ራሳቸው አቅፈው ይዘውት ገቡ፣ መስኮቱ ላይ አቆሙት። ሰማያዊዎቹ ካውቦዮች ከፈረሱ እግር ሥር ቆሙ። መኖሪያው የራሱ መኪና ስላለው ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ አላስፈልግም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የምትኖር አንዲት ጎረቤት ልትተዋወቃቸው መጣች። ወደ መስኮቱ ቀረብ ብላ ፊርማውን አየች። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ይሄ እውነተኛው ነው?» አለቻቸው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ወደ እኔ አላዩም።

«የባለቤቴ ነው» አሉ።

የመጨረሻውን ካርቶን ላመጣ ወደ መኪናው ወረድኩ።